ከፉሪ ተራራ ማዶ የነበረው መገንጠያ

የፉሪን ተራራ በሁለት ጎኑ አውቀዋለሁ። በልጅነቴ ያየሁት ከሰበታ በኩል ነው፤ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ከጀርባው ትወጣ ነበር። ካገባሁ በኋላ ደግሞ ዘጠኝ ዓመት ያህል ከማዶው ሆኜ፣ ከአቃቂ ሜዳ ላይ፣ ፀሐይ ስትገባበት አየሁት። እናቴ ከዚያኛው ጎን፣ እኔ ከዚህኛው ነበርን። በእግር ቢሄዱት ከጠዋት እስከ ማታ የሚያደርስ መንገድ ነው። እኔ ግን በዘጠኝ ዓመት ውስጥ የሄድኩት ሦስት ጊዜ ብቻ ነው።

በዚያ ሜዳ ላይ ዋናው የባቡር ሐዲድ ከአዲስ አበባ ወጥቶ ወደ ቆላ ይወርዳል። አንድ ቦታ ላይ ቅርንጫፍ ነበረው፤ ወደ ተራራው ግርጌ ታጥፎ ድንጋይ ካባው ድረስ ይሄዳል። ቅርንጫፉን የዘረጋው ጣልያን ነው ሲሉ እሰማ ነበር፤ ለመንገድና ለድልድይ የሚሆን ድንጋይ ሊያወጣበት። ጣልያን ሄደ፣ ሐዲዱ ቀረ፣ ድንጋዩም መውጣቱን አላቆመም። ሐዲዱ ሁለት የሚሆንበትን ቦታ ሠራተኞቹ መገንጠያ ይሉታል። ጣቢያ አይደለም፤ ሰው አይሳፈርበትም፣ አይወርድበትም። ሁለት ክፍል ያለው የድንጋይ ቤት፣ ግድግዳው ላይ በእጅ የሚዞር ስልክ፣ ደጁ ላይ ሐዲዱን የሚቀይረው ረጅም የብረት እጀታ፣ በቃ ይኸው ነው። ባሌ የዚያ መገንጠያ ጠባቂ ነበር።

የተጋባነው ጃንሆይ ከስደት ተመልሰው አገር ከረጋ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። አባቴ ሰበታ አፋፍ ላይ የሚያርስ ገበሬ ነበር። እቤታችን አንዱ ወሬ በአማርኛ ተጀምሮ በኦሮምኛ ያልቃል። ባሌ ደግሞ ከሰሜን የመጣ፣ ወላጆቹን በልጅነቱ ያጣ፣ ከባቡር ሥራ በቀር ዘመድ የሌለው ሰው ነው። ሰበታ ገበያ ላይ ሱቅ የነበረው ያገሩ ልጅ ነው ያገናኘን። በዕድሜ አሥራ አራት ዓመት ይበልጠኝ ስለነበር አንቱ እለው ነበር። አባቴ ሲሸኘኝ አንዲት ጊደር ሰጠኝ፤ «ሜዳ ላይ ነው የምትኖሪው አሉ፤ ሣር አታጣም» አለኝ።

ባሌ ዝምተኛ ነበር፤ ክፉ ሰው ግን አልነበረም። በየጠዋቱ የመጀመሪያው ባቡር ሳይመጣ ጺሙን ይላጫል። ካኪ ኮቱን ቆልፎ ቆቡን አድርጎ ቀዩንና አረንጓዴውን ባንዲራ በብብቱ ይዞ ይወጣል። ሥራው ሲነግሩት ቀላል ይመስላል። የመንገደኛ ባቡር ሲያልፍ የድንጋዩን ባቡር ቅርንጫፉ ላይ በቀይ ማቆም፣ መንገዱ ሲለቀቅ እጀታውን ገልብጦ ማሳለፍ፣ ከዚያ እጀታውን ወደ ቦታው መመለስ ነው። «አንድ ጊዜ ከተረሳ» ይለኝ ነበር፣ «አንድ ጊዜ ብቻ ከተረሳ፣ ሁለተኛ የለም።»

በመጀመሪያው ዓመት ባቡር ባለፈ ቁጥር ወጥቼ አይ ነበር። ፊት በፊት ላይ ተደርቦ ያልፋል፤ አንዱንም ለይቼ ሳልይዘው ጭራው ይርቃል። የሴት ድምፅ ሳልሰማ ሁለት ሳምንት የሚያልፍበት ጊዜ ነበር። አንድ ቀን የመንገደኛው ባቡር ምን እንደገጠመው ሳላውቅ ደጃችን ላይ ቆመ። አንዲት ሴት በመስኮት ውሃ ለመነችኝ። በጣሳ ሰጠኋት። ከድሬዳዋ መምጣቷን፣ እህቷ መታመሟን፣ ሐኪሙ ያላትን ስትነግረኝ ባቡሩ ተነሳ። ጣሳዬን ይዛ ሄደች። ጣሳው አላሳዘነኝም፤ ወሬው መሃል ላይ መቋረጡ ነው እንጂ። የእህቷን ነገር ለብዙ ቀን እያሰብኩ ቆየሁ።

አንድ ጊዜ አርግዤ በአራት ወሩ ጨነገፈብኝ። ከዚያ በኋላ ልጅ አልመጣም።

ጎረቤታችን አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ከሐዲዱ ማዶ የሰው መሬት የሚያርስ፣ ሚስቱ የሞተችበት ሽማግሌ። ስሙን ጠርተን አናውቅም፤ ኦቦ እንለዋለን፣ በኦሮምኛ አቶ እንደማለት ነው። በሬዎቹን ውሃ ሊያጠጣ በቀን ሁለት ጊዜ ሐዲዱን ያሻግራቸዋል። «ነጋ ጂርታ፣ ኢንተለ ኮ?» ይለኛል፤ ደህና ነሽ ወይ ልጄ ማለቱ ነው። ያባቴን ቤት ቋንቋ ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር፤ መልሶ ግን ዓይኔ እንባ ያቀርር ነበር።

የባሌ ዓይን መድከም መቼ እንደጀመረ አላውቅም። ደብቆኝ ቆይቷል። እኔ የነቃሁት ውሃ ሲቀዳ ከኩባያው ጎን ሲያፈስ ነው። «እጄ ነው» አለኝ። ከዚያ ደግሞ ባቡሩ ሳይታይ በድምፁ ብቻ ማወቅ ጀመረ፤ «ዛሬ የሚነዳው ወፍራሙ ሰውዬ ነው» ይለኛል። ጎበዝ ሆነ ብዬ ነበር። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ግን አረንጓዴ ማሳየት ሲገባው ቀዩን አውጥቶ ያዘ። ባቡሩ እየጮኸ ቆመ። ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ «ምን ሆንክ አንተ ሰው!» ብሎ ተቆጣ። ባሌ ባንዲራውን በእጁ እየዳበሰ ቀረ።

ባቡሩ ከሄደ በኋላ ደጁ ላይ ተቀመጠ።

«ዓይኔ ሄዷል» አለኝ። «ብርሃንና ጨለማ እለያለሁ። ሌላ የለም።»

«ሐኪም ቤት እንሂድ።»

«ሄጃለሁ። ባለፈው ከተማ ስወርድ ለሌላ ጉዳይ አልነበረም። አይድንም አሉኝ።» እጄን ፈልጎ ያዘና «ለማንም እንዳትናገሪ» አለ። «ካወቁ ያሰናብቱኛል። ቤቱም የነሱ ነው። የት ነው የምንሄደው?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራውን እኔ ያዝኩ። ስልኩን እሱ ያነጋግራል፤ ጆሮው ከእኔ ይበልጥ ነበር። እኔ ኮቱን እደርባለሁ፣ ፀጉሬን ሰብስቤ ቆቡን እደፋለሁ፣ ባንዲራዎቹን ይዤ እወጣለሁ። እጀታው ከባድ ነው፤ በሁለት እጄ ይዤ ሙሉ ሰውነቴን ካልጣልኩበት አይገለበጥም። መጀመሪያ ላይ መዳፌ ተላጠ፣ ኋላ ጠነከረ። ባቡሩ ሲያልፍ ሹፌሮቹ እጃቸውን ያነሱልኛል። እኔም አነሳለሁ። ሰላምታው የባሌ ነው። ለእኔ ብሎ እጁን ያነሳ አልነበረም።

ተቆጣጣሪ የመጣ እንደሆነ ከወዲያኛው ጣቢያ ያለው ወዳጁ በስልክ ያስጠነቅቀዋል። ያን ጊዜ ኮቱን እሱ ለብሶ ደጅ ይቆማል፤ እኔ በር ላይ እህል የማበጥር መስዬ «በስተግራህ ነው፣ ቀና በል» እያልኩ በሹክሹክታ እመራዋለሁ። አንቱ ማለት የቀረው ያኔ ነው። ለማክበር ጊዜ አልነበረም። እሱም አልታዘበኝም፤ ወይም ታዝቦ ዝም አለኝ።

እንግዳ አልፈልግም ነበር። እናቴ ልምጣ ብላ ስትልክ ሰበብ እፈጥራለሁ። እኔም አልሄድም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሦስት ጊዜ ሄጄ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ባቡር በሌለበት ቀን እንኳን አልሄድኩም፤ ባቡር የሌለበት ቀን አልነበረምና። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ኖርን።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በተራራው በኩል አንድ ሰው ሲመጣ አየሁ። አካሄዱን ከሩቅ አወቅሁት፤ ታላቅ ወንድሜ ነበር። ኮቱን ቶሎ አውልቄ ወደ ቤት ወረወርኩት።

«ጋሼ፣ በደህና ነው?»

አልሳመኝም። «አባባ ዛሬ ሌሊት አርፏል» አለኝ። «ነገ ረፋድ ላይ ነው ቀብሩ። አሁን ከተነሳን ሳንተኛ እንደርሳለን። ተነሺ።»

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ማልቀስ አልቻልኩም። በጭንቅላቴ የመጣው የነገው ባቡር ነው። ጠዋት የድንጋዩ፣ ረፋድ ላይ ሊትሪና የሚሉት ሰው የሞላበት ፈጣን የመንገደኛ ባቡር፣ ከሰዓት ደግሞ ዕቃ ጫኙ። ባሌ ወጥቶ ከጎኔ ቆመ። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አለ። ፊቱ ግን ወንድሜ ወዳለበት አልነበረም፤ ትንሽ ወደ ጎን አልፎ ሜዳውን ነበር የሚያየው። ወንድሜ ገላመጠው።

ባሌ ወደ ውስጥ ጠርቶኝ «ሂጂ» አለኝ። «ዳብሼም ቢሆን እሠራለሁ። አባት ነው።»

አየሁት። ጥግ ላይ ያለውን በርጩማ በእግሩ እየፈለገ ነበር። በሊትሪናው መስኮት የማያቸው ፊቶች ትዝ አሉኝ። ወጥቼ «ጋሼ፣ ልመጣ አልችልም» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

«ሥራ አለ። ልተወው አልችልም።»

«የባልሽ ሥራ ነው እንጂ ያንቺ ነው? እሱ ነው የከለከለሽ?»

«አልከለከለኝም።»

«ታዲያ ምንድን ነው? አባትሽ እኮ ነው የሞተው!»

እውነቱን ብነግረው በሳምንቱ ሰበታ ገበያ ላይ ይወራል፤ ባገናኘን ባለሱቅ በኩል ደግሞ ባቡር ሠራተኞቹ ዘንድ ይደርሳል። ወንድሜ ብትሩን አነሳ። «ያገባሽው ሐዲድ ነው፣ ሰው አይደለም» አለ። «ባልሽም ዓይኔን ማየት ተጠይፎ ሜዳ ሜዳውን ሲያይ ነበር። ከእንግዲህ እህት አለኝ አልልም።» ውሃ እንኳን ሳይጠጣ በመጣበት ተመለሰ። ተራራው ትከሻ ላይ እስኪሰወር ድረስ አየሁት።

በማግስቱ ረፋድ ላይ፣ አባቴ በሚቀበርበት ሰዓት፣ እኔ በባሌ ኮት ቆሜ ለሊትሪናው አረንጓዴ እያሳየሁ ነበር። ሹፌሩ እጁን አነሳልኝ። አነሳሁለት። ካለፈ በኋላ ቆቡን አውልቄ፣ ፀጉሬን በትኜ፣ ነጠላዬን በወገቤ አስሬ ሐዲዱ ዳር ብቻዬን አለቀስኩ። የአባቴን ደግነት የማወራለት፣ አብሮኝ ደረቱን የሚደቃ ሰው አልነበረም። ሙሾውን እኔው አወረድኩ፣ እኔው ተቀበልኩ። ድምፄን ሰምቶ ኦቦ በሬዎቹን ትቶ መጣ። ምንም አልጠየቀኝም። «ዋቅኒ ሲ ሃ ጀጀቤሱ፤ እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እስኪመሽ አልተነሳም።

ከዚያ በኋላ ስድስት ወር አልፎ ክረምት ገባ። ሐምሌ ላይ ብርድ ብርድ አለኝና ትኩሳት ጣለኝ። ሁለት ቀን ተንገዳግጄ ሠራሁ። በሦስተኛው ቀን እግሬ አልያዘኝ አለ። ባሌ «ተኚ፣ ዛሬ የድንጋዩ ብቻ ነው» ብሎ ኮቱን ለብሶ ወጣ። እጀታውን ሲገለብጠው ሰማሁ፤ ድምፁ ልክ ነበር። በትክክል ነው የሠራው። እጁ ሥራውን አልረሳውም።

ችግሩ ሐዲዱ ላይ የነበረው ነው። ኦቦ በሬዎቹን ሲያሻግር የአንደኛው ሰኮና ሁለቱ ብረቶች በሚጋጠሙበት ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ተያዘ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ሽማግሌው ይጮኻል፤ ባሌ አልሰማውም። በእጁ አረንጓዴውን ዘርግቶ ቆሟል። እኔ የሰማሁት የባቡሩን ተደጋጋሚ ጩኸትና የብረቱን መፋተግ ነው። ብርድ ልብሴን ተከናንቤ ስወጣ በሬው ተገጭቶ ሞቷል። ኦቦ እስከ መጨረሻው ገመዱን አልለቀቀም ነበርና ተወርውሮ በትከሻው ወድቋል። ባሌ «ምንድን ነው? ማነው? ምን ተፈጠረ?» እያለ በዝናቡ ውስጥ ይዞራል። የሚመልስለት አልነበረም።

ሹፌሩ ስለነገረ በሦስተኛው ቀን ተቆጣጣሪው በሐዲድ ላይ በሚገፋው የእጅ ጋሪ መጣ። ጠና ያለ፣ መነጽር ያደረገ፣ ቃሉ ቁጥብ የሆነ ሰው ነው። ኦቦንም አስጠራው። ሁላችንም ደጁ ላይ ቆምን።

«በሬው ሐዲድ ላይ ሳለ አረንጓዴ ያሳየው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ባሌ።

«አላየኸውም?»

«ከባድ ዝናብ ነበር ጌታዬ።»

ኦቦ ጣልቃ ገባ። ክንዱን በጨርቅ አንገቱ ላይ አስሯል። «ጥፋቱ የኔ ነው ጌታዬ። በሬው አመለጠኝ፤ ባቡሩ ከደረሰ በኋላ ነው የገባው። እሱ ምን ያድርግ?» አለ። ይህን ሲል እኔን አላየኝም። የዛኔ ነው የገባኝ፤ ሽማግሌው የባሌን ዓይን ከመጀመሪያው ያውቅ ነበር። ሁለት ዓመት አውቆ ዝም ብሎናል። አሁን ደግሞ ለበሬው ምንም ላይጠይቅ ራሱን ጥፋተኛ አደረገ። የሚያርሰው የሰው መሬት ነው፤ ክረምቱ ደግሞ ገብቷል፤ በአንድ በሬ ማንም አያርስም።

ተቆጣጣሪው እርሳሱን አወጣ። ሊጽፍ ነበር፤ እዚያ ላይ ሊያልቅ ነበር። እኔ የታሰረውን ክንድ አየሁ። ከባቡሩ ፊት የቀረው በሬው ሳይሆን ሽማግሌው ራሱ ቢሆን ኖሮ ምን እንል ነበር አልኩ። አፌ ተከፈተ።

«ጌታዬ፣ ባሌ አያይም።»

ባሌ ፊቱን ወደ ድምፄ አዞረ። ተቆጣጣሪው እርሳሱን በባሌ ፊት ወዲያና ወዲህ አደረገው። የባሌ ዓይን አልተከተለውም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ሁለት ዓመት አልፎታል።»

«ሥራውን ማን ሲሠራ ነበር?»

«እኔ።»

ያን ጊዜ ስልኩ ጮኸ። ሊትሪናው ከአቃቂ ተነስቶ ነበር። ተቆጣጣሪው ሰዓቱን አየና «እስቲ አሳዪኝ» አለኝ። ኮቱን አልለበስኩም፤ የሚደበቅ ነገር አልቀረም። በቀሚሴ፣ በሻሼ ሄጄ እጀታውን አየሁ፣ መሻገሪያውን አየሁ፣ አረንጓዴውን ዘረጋሁ። ሹፌሩ እጁን ሊያነሳ ሲል ሴት መሆኔን አይቶ እጁ ግማሽ ላይ ቀረ። እስኪርቅ ድረስ አንገቱን አውጥቶ አየኝ።

ተቆጣጣሪው «ሥራሽ ደህና ነው» አለ። «ግን አንቺን የቀጠረሽ የለም፤ እሱንም እንዲህ ሆኖ የሚያቆየው የለም። መጻፍ ግዴታዬ ነው።»

«ይጻፉ» አልኩት።

ቤቱን በአንድ ወር ውስጥ እንድንለቅ ታዘዘ። ባሌ በዚያ አንድ ወር ውስጥ አላናገረኝም። አልተቆጣም፣ አልሰደበኝም፤ ምግብ ስሰጠው ይበላል፣ እጄን ስሰጠው ይዞ ይሄዳል። ማታ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። አባቴ የሰጠኝን ጊደር ነድቼ ለኦቦ ወሰድኩለት፤ ያኔ ላም ሆና ነበር። እምቢ ይላል ብዬ ነበር። ዙሪያዋን አያት፤ «ሸጬ በሬ እገዛባታለሁ» አለ። «እምቢ ማለት አምሮኝ ነበር፣ ልጄ። መሬቱ ግን አይጠብቀኝም።» እንዲያውም ደስ አለኝ። ስንሄድ አህያውን አውሶን የተራራው ትከሻ ድረስ ሸኘን።

ሰበታ ስንደርስ ወንድሜ ግቢው በር ላይ ቆሞ ነበር። እኔን አይቶ ፊቱን ሊያዞር ሲል ባሌን አየ። ባሌ አንድ እጁ በትከሻዬ ላይ፣ ሌላው በአየር ላይ የአጥሩን ጫፍ ይፈልጋል። ወንድሜ ቆሞ ቀረ። ቀስ ብሎ መጣና እጁን ከፊቱ አወዛወዘ። ከዚያ «እህቴ፣ ያን ቀንም እንዲህ ነበር?» አለኝ። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ። ወንድሜ የባሌን እጅ ይዞ ወደ ቤት አስገባው። እናቴ ግን እስክትሞት ድረስ ለአባቴ አለመድረሴን አልረሳችውም። ገብቷታል፤ ይቅርም ብላኛለች፤ ግን የአባቴ ተዝካር በመጣ ቁጥር ዓይኗን ከእኔ ታሸሻለች።

ካባውም ብዙ አልቆየም። ድንጋዩ ተመናምኖ ሥራው ቆመ ተባለ፤ ቅርንጫፉ ሐዲድ ተነቅሎ ተወሰደ። አንዳንዱ ብረት የሰው በረት ምሰሶ ሆኗል አሉ። መገንጠያ የሚባል ነገር ስለሌለ ጠባቂም አያስፈልግም፤ ዝም ብል ኖሮም ከዚያ ቤት መውጣታችን አይቀርም ነበር ማለት ነው። ይህን ወሬ ለባሌ ስነግረው «እንዲህ ነው?» ብቻ አለ።

ሰበታ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ኖረ። ገመድ መግመድ ለመደ፤ ጥሩ ገመድ ይወጣው ነበር፣ ገበሬዎቹ እየመጡ ይወስዱለታል። እኔ ከእናቴ ጋር እርሻውን አግዛለሁ። መነጋገሩን ቀስ በቀስ ጀምረናል፤ ስለ ዝናብ፣ ስለ ገመዱ፣ ስለ ቤቱ ጣራ። ለተቆጣጣሪው እውነቱን ስለተናገርኩበት ቀን ግን እሱም አላነሳም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

አንድ ጊዜ ብቻ፣ ገመድ ሊወስድ የመጣ አንድ እንግዳ «ባቡር ሠራተኛ ነበሩ አሉ፤ ምን አስተወዎት?» ብሎ ሲጠይቀው ከጓዳ ሆኜ ሰማሁ። ባሌ እጁን ከገመዱ ላይ ሳያነሳ «ባለቤቴ ናት ያስተወችኝ» አለ። እንግዳው «እንዴት?» አለ። ባሌ ገመዱን መግመድ ቀጠለ። በወቀሳ ይበለው በምስጋና፣ ከድምፁ መለየት አልቻልኩም። ወጥቼ ልጠይቀው እጄን ከሊጡ አነሳሁ፤ ከዚያ መልሼ ከተትኩት። በዚያው ዓመት ፋሲካን አብረን ውለን በግንቦት አረፈ።